ለድንቅነሽ የሚሆን መጥበሻ

ጎረቤታችን ድንቅነሽ ሥጋ ስትጠብስ ያልበላ ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነው። ግቢዋ ዲላ ውስጥ ከዋናው የሞያሌ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። በወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ የጸሎት ኅብረት እዚያ ይሰበሰባል። ቃሉ ይነበባል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሥጋ ይጠበሳል።

ከግማሽ በርሜል የተሠራ የከሰል መጥበሻ ነበራት። እሷ አነስተኛ በርጩማ ላይ ከአጠገቡ ትቀመጣለች፤ እኛ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ እሷ እንሄዳለን። በሳህን አታድልም። የበሰለውን ቁራጭ በቆጮ ይዛ በእጅህ ታኖርልሃለች፤ ያን ጊዜ ታዲያ ዝም ብለህ ተቀብለህ መሄድ የለም። «እናትህ ተሻላቸው?» ትላለች። «ያ ልጅ ሥራ አገኘ?» ትላለች። ጮማ የሚወደውን ታውቃለች፣ ጥርሱ ያለቀበትን ታውቃለች፣ አንገቱን ደፍቶ የመጣውንም ታውቃለች። ብዙዎቻችን በጸሎት ሰዓት አፋችንን ሞልተን ያልተናገርነውን ጭንቀት ለእሷ በዚያ እሳት ዳር ነግረናታል። እሷም ሰምታ ዝም ትላለች፤ በሳምንቱ ቤታችን ስትመጣ ግን አንዱንም አልረሳችም።

ድንቅነሽ የቡሌ ልጅ ናት። ቡሌ ብርድ ነው፤ ከእሳት ዳር መራቅ የማይወደድበት አገር ነው። ጴጥሮስን አግብታ ወደ ዲላ ስትወርድ እሱ ከጨለለቅቱ የታጠበ ቡና የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እሷም በቡና መጋዘን ለቀማ ገባች። ብዙ ዓመት በቡና አቧራ ውስጥ ተቀምጣ ለቀመች፤ ማታ ደግሞ ቤቷ ገብታ በእንጨት አበሰለች። ደረቷ መቼ እንደተጎዳ አታውቅም። በአንድ ክረምት ግን ትንፋሿ አልወጣ ብሎ ጴጥሮስ ተሸክሟት ሐኪም ቤት ደረሰ። ጌታ ይመስገን፣ ተረፈች። ሐኪሙ በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሰጣትና፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ከጭስ ጋር ተለያዩ» አላት።

ኅብረቱ ወደ ሌላ ቤት ይዛወር ተብሎ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ልጇ ሉሲ በበርሜሉ ላይ ጠበሰች። ድንቅነሽ ሳሎን ገብታ፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጠች። ሥጋው ማረር ሲጀምር መስታወቱን በጣቷ ታንኳኳለች፤ ሉሲ ትገለብጣለች። ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። በሳህን አድርገን ምግብ አገባንላት። ወር በወር ግን ማንኳኳቱ እየቀነሰ ሄደ። በኋላ በኋላ ጸሎቱ እንዳለቀ «ደክሞኛል» ትልና ጓዳ ገብታ ትጋደማለች። ወደ መስኮቱም መምጣት ተወች።

ይህን ከሁሉም በላይ ያየው ጴጥሮስ ነው። መኪና መንዳት ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። አንድ ቀን ሉሲን፣ «እስቲ በዚያ ስልክሽ የጋዝ መጥበሻ የሚባለውን አሳዪኝ» አላት። ሉሲ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስልኩን ከእጇ የምታስቀምጠው ስትተኛ ብቻ ነው።

«ግሪል ማለትህ ነው አባዬ?»

«ከሰል የማይፈልገውን።»

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ የሰው አገር ሰው በግቢው ሲጠብስ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁሉ አዩ። አንዱ ክዳን አለው፣ አንዱ የለውም። አንዱ ሦስት የእሳት መስመር አለው፣ አንዱ ሁለት። አንዱ ክዳኑ ላይ እንደ መኪና ዳሽቦርድ ሙቀት የሚያሳይ ሰዓት አለው፤ ጴጥሮስ እሱን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ይሄኛውን ስንት ሺህ ሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶታል» አለች ሉሲ።

«ጭስ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«አባዬ፣ እነሱ እኮ ጭሱን ወደውት ነው። አንዳንዱ ጭስ እንዲኖረው እንጨት ይጨምርበታል።»

ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ለእነሱ ኮከብ የሆነው ለእኛ መከራ ነው» አለ።

ዲላ ገበያ አጠገብ የቤት ዕቃ የሚሸጠው አህመድ ከአዲስ አበባ ሦስት ዓይነት የጋዝ መጥበሻ አምጥቶ ነበር። ጴጥሮስ ይህን እንደሰማ ድንቅነሽን ይዞ ሄደ። እሷ መሄዱንም አልፈለገችም ነበር። «እኔን ለማስታመም አዲስ ዕቃ? ተወው የሉሲ አባት፣ ለምጄዋለሁ» አለችው። እሱም፣ «አንቺ ለመድሽ እንጂ እኔ አልለመድኩም» አላት።

ሦስቱ መጥበሻዎች በሱቁ ጓሮ ተደርድረው ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ክዳን፣ ባለ ጎማ ነው፤ ያ ሙቀት የሚያሳየው ሰዓትም አለው። ድንቅነሽ ስታየው «ሙሽራው» አለችው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ እግሩ የሚታጠፍ ትንሽ ነገር ነው፤ እሱን «ሻንጣው» አለችው። ሦስተኛው ግራጫና ከባድ ነው። እንደሌሎቹ የብረት ፍርግርግ የለውም፤ በፍርግርጉ ቦታ አንድ ወጥ የሆነ፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለበት፣ ወደ ፊት ትንሽ ያዘቀዘቀ ብረት ተጋድሞበታል። ክዳንም የለው፣ ጎማም የለው።

«ይሄስ የቤት ቆርቆሮ ነው» አለ ጴጥሮስ። እንግዲህ ስሙ «ቆርቆሮው» ሆኖ ቀረ።

ጴጥሮስ ዕቃ ሳይሞክር የሚገዛ ሰው አይደለም፤ መኪናም ሲረከብ እንደዚያው ነበር አሉ። ስለዚህ ከብብቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አህመድ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ ጴጥሮስ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነዋ። ልንሞክረው።»

አህመድ ፌስታሉን በእጁ ሳይነካ በአገጩ አመለከተ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። እኔ ዕቃውን የምሸጠው ለእናንተም ለእኛም ሰው ነው። የእናንተ ሥጋ ካረፈበት ለእኛ ሰው አዲስ ነው ብዬ መሸጥ አልችልም። የእኛ ሥጋ ካረፈበት ደግሞ ለእናንተ እንደዚያው። አላህ ያየኛል።»

ጴጥሮስ አፈረ። ስንት ዓመት ከሙስሊም ረዳት ጋር መኪና ነድቶ፣ በየመንገዱ ሁለት ምግብ ቤት እየፈለገ ቆሞ፣ ዛሬ እንዴት ረሳው። «አጠፋሁ አህመድ፣ አላሰብኩትም» ብሎ ፌስታሉን መለሰ። ሁሉም ወደ መጥበሻዎቹ ዞሩ። ሥጋ ሳይቀመጥበት ሥጋ መጥበሻ እንዴት ይለካል?

የአህመድ ሚስት ፈይዛ ከሱቁ በር ሆና ትሰማ ኖሯል። «ቅቤ አምጡ» አለች። «የሚጨሰው ሥጋው ነው እንዴ? ስቡ እኮ ነው እሳት ላይ ወድቆ የሚጨሰው። ቅቤ ይንጠባጠብበት።»

«ቅቤስ የእናንተ ነው የእኛ?» አለ ጴጥሮስ።

«ቅቤ የላም ነው» አለች ፈይዛ።

ድንቅነሽ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ቅቤውን የሚይዘውን ቆጮ እኔ አመጣለሁ» አለች።

በማግሥቱ ቆጮዋን በደንብ ቅቤ አጠጥታ ይዛ መጣች። ሦስት ጥቅል ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳየችው፣ እናቷም እንዳደረገችው፣ እያንዳንዱን በኮባ ጠቅልላዋለች። ለእኛ አገር ሰው ቆጮ ያለ ኮባ እሳት ላይ ማኖር ሕፃን ራቁቱን ውጪ እንደማስቀመጥ ነው፤ ማንም አያስብበትም፣ እጅ ራሱ ይጠቀልላል። አህመድ ጋዙን ከፈተ፤ ሦስቱ ጥቅሎች በሦስቱ መጥበሻዎች ላይ ተቀመጡ።

ጴጥሮስ ሚስቱን ከሁሉም ፊት አቆማት። ኮባው ትንሽ ጠየመ፣ የቅጠል ሽታ ሸተተ፣ ሌላ ምንም የለም። ከሙሽራው አልጨሰም። ከሻንጣው አልጨሰም። ከቆርቆሮውም አልጨሰም።

«አየሽ? ሁሉም ይሆናሉ» አለ ጴጥሮስ፤ ደስታው ከፊቱ ይፈስስ ነበር። «ሁሉም ከሆኑ ደግሞ ሙሽራውን ነው የምንወስደው። ለኅብረቱ ሁሉ ይበቃል። ክዳኑን እይው፣ ሰዓቱን እይው።»

ድንቅነሽ፣ «ደረቴ ዝም ብሏል» አለች። አመነች። ሁለቱን ጥቅል ከእነ አህመድ ጋር ተቃምሰው በሉ፤ ሦስተኛው ለሉሲ ይድረሳት ተባለ። ሙሽራው በእጅ ጋሪ ላይ ተጫነ፤ ባልና ሚስቱ ባጃጅ ተሳፈሩ፤ ጋሪው ከፊት፣ ባጃጁ ከኋላ ቀስ ብለው ጉዞ ጀመሩ።

«ይሄ ሰርግ ነው እንዴ?» አለ የባጃጁ ሾፌር። «ጥሩምባ ልንፋ?»

ቀሪውን እሷ ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችን። የሉሲን ጥቅል ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ትንሽ እንደተጓዙ ጭኗ ሞቃት። ዝቅ ብላ ስታይ ቀሚሷ ርሷል። የኮባው አንድ ጫፍ ተከፍቶ ቅቤው በሙሉ፣ ያ ያጠጣችው ሁሉ፣ ወደ ቀሚሷ እየወረደ ነው። ልትቆጣ ስትል ቆመች። ጥቅሉን አነሣችው፤ ጎንበስ አደረገችው፤ ቅቤው እንደገና ፈሰሰ።

«የሉሲ አባት።»

«እ?»

«ቅቤው እዚህ ነው ያለው።»

«ታዲያ የት ይሁን?»

«እሳቱ ላይ ነበር መውደቅ የነበረበት። ኮባው ይዞታል። አንድ ጠብታ አልወደቀም እኮ። ምን ይጭሳል ታዲያ?» ጥቅሉን ወደ ፊቱ አስጠጋችለት። «ሥጋውንም በኮባ ጠቅልዬ ነው እንዴ የምጠብሰው?»

ጴጥሮስ መጀመሪያ ጥቅሉን፣ ቀጥሎ ከፊት በፀሐይ የሚያብረቀርቀውን ሙሽራ አየ። የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረገ።

«ተመለስ።»

«ሙሽራው ወደ ቤተሰቦቹ ሊመለስ ነው?» አለ ሾፌሩ፤ ወዲያው ግን የሁለቱን ፊት በመስታወት አይቶ ቀልዱን ተወ።

ወደ ሱቁ እስኪደርሱ ድረስ ጴጥሮስ ሲጸልይ እንደነበር ድንቅነሽ ታውቃለች፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሸጠ ዕቃ መመለስ ለማንም ነጋዴ ደስ የሚል ነገር አይደለም። አህመድ ግን ጋሪውን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ሰማ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሥጋ ነክቶታል?»

«ከባጃጅም አልወረድን።»

«እንግዲያማ የእኔ ነው። አውርዱት።» ከዚያ ግንባሩን በእጁ መታ። «እኔስ? እኔም እኮ አጠገቡ ቆሜ ኮባውን እያየሁ ነበር።»

ቤታቸው ደርሰው፣ እሑድ ሥጋውን አስቀምጠውበት ቢሆን ኖሮ መመለሻ አልነበረውም። ይህን ሳስብ እስካሁን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ በአንድ በተከፈተ ኮባ ያን ያህል ነገር አዳነ።

አሁን የሉሲ ቆጮ ኮባውን ተገፍፎ፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ራቁቱን ቀረበ። ፈይዛ ተጨማሪ ቅቤ ከጓዳዋ አመጣች። በሙሽራው ጀመሩ። ቅቤው በፍርግርጉ መሀል ወደ እሳቱ ሲወርድ ጭስ ጓሮውን ሞላው። ጴጥሮስ «ወደ በሩ ሂጂ» ቢላት «እኔ ካልቆምኩ ማን ይነግርሃል?» ብላ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ብዙም አልቆየች። ሳሏ ሲነሣ ፈይዛ ክንዷን ይዛ ወደ ሱቁ አስገባቻት፣ ውኃ ሰጠቻት፣ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻት። ጴጥሮስ የሙሽራውን ክዳን ዘጋ፤ ያን የወደደውን ሰዓት ዳግመኛ አላየውም።

ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ ሻንጣው ተሞከረ። እሱ አልጨሰም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቅቤው እንደነካው እሳቱ ወደ ላይ ዘለለ፣ አህመድም «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ቆጮው በአንድ ጎኑ ከሰል ሆነ።

ቆርቆሮው ቀረ። ጴጥሮስ ተስፋ የቆረጠ መስሎ ነበር፤ ሌላ መጥበሻ በከተማው የለም። ብረቱ እስኪግል ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ቆጮው ተቀመጠ፣ ቅቤው ቀለጠ። ከሸንተረሮቹ መሀል ቀስ እያለ ወደ ፊት ወረደ፣ ጫፉ ላይ ባለው ቦይ ገባ፣ በጎኑ ወዳለችው የብረት ጽዋ ተንጠባጠበ። እሳቱ ከብረቱ ሥር ነው፤ ቅቤው አያገኘውም።

ድንቅነሽ ከበሩ ትንሽ ወጣች። ጎንበስ አለች። አየር ሳበች። ሁሉም አፏን አፏን ያያሉ። እንደገና ሳበች።

«ድገሙት» አለች።

ፈይዛ ሌላ ማንኪያ ቅቤ ጣለች።

«ድገሙት።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለሽያጭ ያስቀመጥኩት ቅቤ ነው» አለች ፈይዛ፤ እያለችም ጣለችበት።

ድንቅነሽ እጇን ከመጥበሻው በላይ ዘርግታ ሙቀቱን ተሰማት። ስንት ጊዜ ሆኖታል እሳት ዳር እጇን ከዘረጋች። «የቤት ቆርቆሮ ነው ያልከው ልክ ነህ» አለችው ጴጥሮስን። «ዝናቡ በሸንተረሩ ይወርዳል፣ አሸንዳው ይቀበለዋል፣ ከሥር ያለው ሰው አይርስም።»

አህመድ ሐቁን ደበቀ አልልም። «ጋሼ፣ ይሄ ክዳን የለውም። ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ሳይግል ሥጋ ካስቀመጡበት ሥጋው ውኃ አውጥቶ ይቀቀልባችኋል። ሲሊንደሩንም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የጋዙን ቱቦ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። ደግሞ የጭስ ጣዕም አይጠብቁ።»

ጴጥሮስ እስከ መጨረሻው ሰማ። ጭስ ጭስ የማይል ጥብስ ለእሱ ግማሽ ጥብስ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ጣዕሙን እኔ ለምጄ እበላለሁ» አለ። «ጫኑት።»

እሑድ ደረሰ። ጸሎቱ አለቀ፤ ወጣን። ቆርቆሮው አቮካዶው ሥር ቆሞ ነበር፤ ሲሊንደሩ ጥግ ይዟል። ድንቅነሽ ግን አልወጣችም። ሳሎን ውስጥ፣ በተዘጋው መስኮት ጀርባ፣ ከብዙ ወር በኋላ በዚያ ወንበር ተቀምጣለች። «ቅቤ እንደ ሥጋ አይደለም፤ መጀመሪያ ሥጋውን ልየው» ብላ ነው። ፈርታለች። እኛም ፈርተናል።

ጴጥሮስ ሥጋውን አንሥቶ ወደ ብረቱ ሲጠጋ መስታወቱ ተንኳኳ። ቀና አለ። ድንቅነሽ ጣቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፤ ገና አልጋለም ማለቷ ነው። ሥጋውን መለሰ። ቆየን። ቆይቶ ደግሞ ሊያስቀምጥ ሲል እንደገና ተንኳኳ።

«ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና ትነዳኛለች» አለ።

«ሾፌር ነህ፣ ታዘዝ» አሉት እማማ ጸሐይ፤ የኅብረታችን ትልቋ ናቸው።

በሦስተኛው አልተንኳኳም። ሥጋው ጮኸ። ጮማው ቀለጠ፣ በሸንተረሩ ወረደ፣ ጽዋው ውስጥ ገባ። ሉሲ ፊቷን አስጠግታ አሸተተች። ቀጭን እንፋሎት ወጣ፣ የሥጋ ሽታ መጣ፣ ሌላ አልመጣም። ጴጥሮስ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ዛሬ እሱ ነው መስታወቱን ከውጪ ያንኳኳው።

እሷ በርጩማዋን ራሷ ይዛ ወጣች። መድኃኒቷ በቀሚሷ ኪስ ነበር፤ በእጇ ይዛው ተቀመጠች። ጥቂት አየር ሳበች፣ ጥቂት አስወጣች። ከዚያ መድኃኒቱን ኪሷ መለሰችና ሹካውን ከጴጥሮስ እጅ ወሰደች።

«ይሄን ማን እንዲህ ወፍራም ቆረጠው?»

ጴጥሮስ ቆሞ ያያታል።

«ዞር በል የሉሲ አባት፣ ሰው አይታየኝም።»

ዞር አለ። መጀመሪያ የበሰለውን፣ ለስለስ ያለውን ቁራጭ በቆጮ ይዛ እማማ ጸሐይን ጠራቻቸው። እሳቸው ተቀብለው ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን አልለቀቀችም።

«ልጅዎ ደወለ?»

እማማ ጸሐይ ቆሙ። ከብዙ ወር ወዲህ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «አልደወለም ልጄ» አሉ፣ በርጩማዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ። ድንቅነሽ እየገለበጠች ትሰማለች። ከኋላቸው የቆምነው ተራችንን ጠበቅን፤ ማንም አልተጣደፈም።

ጴጥሮስ ሁለተኛውን ቁራጭ አፉ ውስጥ አዙሮ አዙሮ ዋጠ። «ጭስ ጭስ አይልም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ አይልም» አልኩት።

«ይመስገን» አለ።

ሉሲ ወደ ቤት ገብታ ነበር። የሳሎኑን መስኮት ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ስትከፍተው አየናት፤ በኅብረቱ እሑድ ያ መስኮት ሲከፈት ካየን ቆይተናል።